ሁለተኛው ፊርማ

ለፖሊስ አዛዦች፣ ፖሊስን የመቆጣጠር ሥልጣን ለተሰጣችሁ ሁሉ፣ እንዲሁም ዛሬም ዩኒፎርም ለምትለብሱ ባልደረቦቼ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ፣

ከሃያ ዓመት በላይ በፖሊስነት አገልግያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በምርመራ ክፍል። አሁን ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ ራሴ ታማኝነት ለመመስከር አይደለም። ታማኙ ሌላ ሰው ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ ያየሁ፣ ስጠየቅ ግን አላየሁም ያልኩ ሰው ነኝ።

አንድ ሌሊት ከብርበራ ተመልሰን የተያዘውን ንብረት እንቆጥር ነበር። ቆጣሪዎቹ ሁለት ነን፤ እኔና በማዕረግ እኩያዬ የሆነ መርማሪ። ጥሬ ገንዘቡ አምስት እሽግ ነበር። እሱ ቆጠረ፣ እኔ ደገምኩት፤ አምስት። ጠዋት የኤግዚቢት መዝገቡ ለፊርማ ሲቀርብልን "ሦስት" ይላል። የክፍሉ ኃላፊ መዝገቡን ከፍቶ ፊርማ የሚያርፍበትን መስመር በጣቱ እያሳየን ቆሟል። እኔ ፈረምኩ። ባልደረባዬ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ጥቂት ቆየና "ጌታዬ፣ አምስት ነበር" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ኃላፊው "ደክሞሃል፤ ሂድ ተኛ" አለው። አልተኛም። በዚያው ቀን ሪፖርት ጻፈ።

ሪፖርቱ የሄደበትን መንገድ ልብ በሉልኝ። ደንቡ ማንኛውም አቤቱታ የዕዝ ሰንሰለቱን ጠብቆ ይቅረብ ስለሚል ለበላይ አዛዥ አቀረበው። በሦስተኛው ቀን ያው ወረቀት የተከሰሰው ኃላፊ እጅ ውስጥ ነበር። በማለዳ ሰልፍ ላይ ስም ሳይጠራ ሁለት መስመር አነበበልን። የማን እጅ ጽሑፍ እንደሆነ ለማወቅ ጠያቂ አላስፈለገንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባልደረባዬ ጋር ፓትሮል ለመውጣት የሚፈቅድ ሰው ጠፋ። በሬዲዮ ሲጠራ መልስ ይዘገይበታል። ቀጥሎ ወሬ ተነሳ፤ ሁለቱን እሽግ የወሰደው ራሱ ነው፣ እንዳይነቃበት ቀድሞ ጮኸ ተባለ። ወሩ ሳይሞላ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" የሚል ደብዳቤ ደርሶት ከምርመራ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ። የምርመራ ሰው ለነበረው ለእሱ ይህ ምን እንደሆነ ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም ተጠራሁ። ኃላፊው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ስንት እሽግ አየህ?" "አልቆጠርኩም" አልኩ። ባልደረባዬ ከጠረጴዛው ማዶ ነበር። አልተቆጣም፣ አላፈጠጠብኝም፤ አንገቱን ደፍቶ እጆቹን አየ። መዝገቡ "በማስረጃ ያልተደገፈ" ተብሎ ተዘጋ። እሱ ሁለት ዓመት ያህል ታግሶ ሥራውን ለቀቀ። እኔ በዚያው ዓመት ማዕረግ ተጨመረልኝ።

ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አልደረሰኝም። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፤ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንድታዩት ነው። ከሌባ ጋር ለመቆም ገንዘብ መቀበል አያስፈልግም። ምድብ የሚያወጣው፣ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የአፈጻጸም ውጤት የሚሞላው፣ ማን ቀላል ቦታ ማን አደገኛ ቦታ እንደሚቆም የሚወስነው አለቃ ነው። እሱ የተበላሸ ከሆነ ሥራው ሁሉ ይሸጣል። ጥሩ ምድብ የሚፈልግ ፖሊስ ለአለቃው ይከፍላል፤ የከፈለውን ደግሞ ከሕዝብ ላይ ይሰበስባል። መንገድ ላይ አሽከርካሪውን አስቁሞ እጁን የሚዘረጋው ፖሊስ ብዙ ጊዜ ለራሱ ብቻ አይደለም የሚሰበስበው፤ ገንዘቡ ወደ ላይ ይወጣል። ለአዲስ ምልምል የሚሰጠው የመጀመሪያው የገንዘብ ፖስታም ያደረገው ነገር ኖሮ አይደለም። አፉ ነው የሚገዛው። አንዴ ከተቀበለ ስለ ማንም መናገር አይችልም።

ነባሮቹ ለአዲስ ገቢ የሚያቀብሉት ሁለት ተረት ነበራቸው። አንዱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ነው። ሁለተኛው "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል"። የመጀመሪያው መብላትን ያስተምራል፤ ሁለተኛው የሚበላውን ያየ ሰው እንዲፈራ ያደርጋል። እኔ በመጀመሪያው አልተገዛሁም። በሁለተኛው ተገዛሁ፤ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ።

ይህን በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ሰነድ ከራሴ በተሻለ ገልጾታል። የኒው ዮርክን ፖሊስ ሙስና የመረመረው የናፕ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ሪፖርት ሙሰኛ ፖሊሶችን በሁለት ከፈላቸው፤ ሥጋ በሊታና ሣር በሊታ ብሎ። ሥጋ በሊታው ሥልጣኑን ይዞ ጥቅም ሲያድን የሚውለው ነው። ሣር በሊታው አያድንም፤ ሥራው በመንገዱ ያመጣለትን ትንሽ ትንሽ ይቀበላል። ኮሚሽኑ የችግሩ እምብርት ብሎ የጠቆመው ግን ሥጋ በሊታውን አይደለም፤ ሣር በሊታውን ነው። ብዛታቸው ሙስናውን የተከበረ ያስመስለዋል፤ ያልተቀበለው ሰው ደግሞ ከሃዲ ሆኖ ይታያል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ዓይነት እጨምራለሁ። ሣሩንም ሥጋውንም የማይበላ፣ ነገር ግን በሩን ዘግቶ የሚያስበላ አለ። ያ እኔ ነበርኩ። በየጣቢያው ከሁለቱም የሚበዛው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ያንን ኮሚሽን ያስነሳው ፍራንክ ሰርፒኮ የሚባል ፖሊስ ነው። በ1966 የሲቪል ልብስ ለብሶ በሚሠራበት ምድብ ሳለ 300 ዶላር የያዘ ፖስታ ተሰጠው። ወስዶ ለበላዩ አሳየ። የተሰጠው ምክር፣ በኋላ እንደተናገረው፣ ጉዳዩን ከገፋበት አስከሬኑ ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ እንደሚገኝ፣ አለዚያ እንዲረሳው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በር አንኳኳ፤ የፖሊስ ባለሥልጣናትን በር፣ የከተማውን አስተዳደር በር። የሚሰማ አልተገኘም። ነገሩ የተንቀሳቀሰው ሚያዝያ 1970 ኒው ዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ ሲያወጣው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገራችሁ፤ ሰርፒኮ ወደ ጋዜጣው ብቻውን አልሄደም። ዴቪድ ደርክ የሚባል ባልደረባው አብሮት ነበር፤ ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው አንድ ኢንስፔክተርም አብሯቸው ቆሟል። አንድ ፖሊስ ብቻውን ሲናገር ቂመኛ ይባላል፣ እብድ ይባላል። ሁለተኛው ሲጨመር ምስክርነት ይሆናል።

የካቲት 3 ቀን 1971 ሰርፒኮ በብሩክሊን አደንዛዥ ዕፅ ለመያዝ በወጣበት ሥራ ላይ በር ሲያስገድድ ፊቱን በጥይት ተመታ። ከሞት ተረፈ፤ የአንድ ጆሮውን መስማት ግን አጣ። እርዳታ የጠራለት ባልደረቦቹ ሳይሆኑ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ አዛውንት እንደነበሩ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በኮሚሽኑ ፊት መሰከረ፤ በ1972 ሥራውን ለቀቀ። ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት አስረከቡት። የምስክር ወረቀቱ የደረሰው በ2022 ነው፤ በጥይት ከተመታ ከሃምሳ አንድ ዓመት በኋላ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ንብረት ክፍል ውስጥ ጫማና ካፖርት ይቆጥር የነበረው ባልደረባዬ ትዝ ይለኛል። እሱ ሜዳይም የምስክር ወረቀትም አልጠበቀም። የፈለገው ሌላ አንድ ሰው "አምስት" እንዲል ብቻ ነበር።

ጊዜው የቆየ ነው፣ ዛሬ ተሻሽሏል የሚል ይኖራል። በዚያው በኒው ዮርክ በ2009 ኤድሪያን ስኩልክራፍት የተባለ ፖሊስ በጣቢያው የወንጀል ቁጥር እንዲያንስ አቤቱታዎች እንደሚለዘቡ ተናገረ። ባልደረቦቹና አለቆቹ ቤቱ ድረስ መጥተው ያለ ፈቃዱ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰዱት፤ ስድስት ቀን ቆየ። ያዳነው በድብቅ የቀዳው ድምፅ ነው፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤቱ የውስጥ ምርመራም በኋላ የተናገረው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። በአየርላንድ ደግሞ ሳጅን ሞሪስ ማኬብ የትራፊክ ቅጣት ነጥቦች ያለ አግባብ እየተሰረዙ መሆኑን አጋለጠ። የመለሱለት የሕፃን ደፋሪ ነው በሚል የሐሰት ወሬ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ልዩ ችሎት በ2018 ባወጣው ሪፖርት ስም ማጥፋቱ ውስጥ የቀድሞው የፖሊስ ኮሚሽነር ራሱ እጅ እንደነበረበት ደመደመ።

እነዚህን ሰዎች ያነሳሁት ለአድናቆት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ሲጽፍ ምን እንደሚደረግበት ተመልከቱ። መጀመሪያ ያገሉታል፤ ከዚያ ስሙን ያጠፉታል፤ ከዚያ ያዛውሩታል ወይም ጤናውን ይጠራጠራሉ። በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ ዘመን የሆነው እኛ ጣቢያ ከሆነው ጋር ይህን ያህል ከተመሳሰለ የአንድ ክፉ አለቃ ጠባይ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። አሠራሩ ራሱ ይህን ያመርታል።

እና የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ በሩ ነው። አቤቱታው የተከሰሰው ሰው ወይም ወዳጁ እጅ የማይገባበት በር ክፈቱ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት ከ1987 እስከ 1989 የፊትዝጀራልድ ምርመራ ሲካሄድ የተገኘው የሙስና ሰንሰለት እስከ ፖሊስ ኮሚሽነሩ እስከ ቴሪ ልዊስ ይደርስ ነበር፤ በ1991 የአሥራ አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ፖሊስ ውስጥ "የዕዝ ሰንሰለቱን ጠብቀህ ጻፍ" የተባለ ምስኪን ወረቀቱ የት ነበር የሚያበቃው? ሆንግ ኮንግ ውስጥ ፖሊስን ከሙስና የሚመረምረው የፖሊስ የራሱ ክፍል ነበር። በ1973 ፒተር ጎድበር የተባለ ከፍተኛ መኮንን ከ4 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ ሀብቱን ከየት እንዳመጣው አስረዳ በተባለበት ሰዓት በፖሊስ የአውሮፕላን ማረፊያ መታወቂያው አልፎ አገር ጥሎ ወጣ። ሕዝብ ተቆጣ። በየካቲት 1974 ከፖሊስ ውጭ የሆነ፣ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለአገረ ገዢው የሆነ ገለልተኛ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ጎድበርም ተመልሶ ተፈረደበት።

ግን አትሳሳቱ፤ ጥሩ በር መክፈት ቀላሉ ሥራ ነው። በ1977 የሆንግ ኮንግ ፖሊሶች ራሳቸው ኮሚሽኑን ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ ጥቂቶቹ ቢሮው ድረስ ሄደው ሠራተኞቹን ደበደቡ። አገረ ገዢው ከዚያ ዓመት በፊት ለተፈጸሙ ለብዙዎቹ ጥፋቶች ምሕረት እስከ ማድረግ ደረሰ። ተቋሙ ግን አልፈረሰም፤ ሥራውን ቀጠለ። የተከበራችሁ፣ በሩን ስትከፍቱ ተመሳሳይ ግፊት ይመጣባችኋል። "የሠራዊቱ ሞራል ይወድቃል" ይባላል። የሠራዊቱን ሞራል የሚጥለው ግን ሌላ ነው። ሌሊት ሲያድን የያዘውን ተጠርጣሪ ጠዋት በር ላይ ሲስቅበት የሚያገኝ መርማሪ ነው ሞራሉ የሚወድቀው።

ሁለተኛው ስለ ዝውውር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ በአንቀጽ 7 ሕግ አስከባሪ ሙስና አይፈጽምም በማለት ብቻ አያቆምም፤ በብርቱ ይቃወመዋል፣ ይታገለዋልም ይላል። አንቀጽ 8 ጥሰት ያየ ሕግ አስከባሪ ለበላዮቹ፣ አስፈላጊ ከሆነም ጉዳዩን የማጣራትና የማረም ሥልጣን ላላቸው ሌሎች አካላት እንዲያሳውቅ ያዛል። ከአንቀጹ ሥር ያለው ማብራሪያ ደግሞ በማሳወቁ ምክንያት የአስተዳደርም ሆነ ሌላ ቅጣት ሊደርስበት እንደማይገባ ይናገራል። ይህ ሁሉ ከተጻፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ማሠልጠኛ ውስጥ ግን ያነበበልኝ አልነበረም። በ2003 የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት አንቀጽ 33ን ሳነብ ደግሞ አዘንኩ። በቅን ልቦና ጥቆማ ያቀረበን ሰው የሚጠብቅ ሥርዓት በሕጋቸው ለማካተት አገሮች ያስቡበት ነው የሚለው። ያድርጉ አላለም። ባልደረባዬ የተሰበረው በዚያች "ያስቡበት" ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንድ ፖሊስ አቤቱታ ካቀረበ በኋላ ምድቡ፣ ውጤቱ፣ ትጥቁ፣ ፈቃዱ ሲነካ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም በአለቃው ላይ ይሁን። "ይህ የሆነው ስለጻፍክ አይደለም" የሚለው አለቃ ያረጋግጥ፤ ጸሐፊው "ስለጻፍኩ ነው" ብሎ እንዲያረጋግጥ አይጠየቅ። የጤና ምርመራ ይደረግለት የሚል ትእዛዝ ከተከሰሰው ወገን አይምጣ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከነክነኝ፣ ስለ ሁለተኛው ምስክር ነው። የጠቋሚ ጥበቃ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው የመጀመሪያውን ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ወስኖ የመጣ ነው፤ ይሞታል እንጂ አይመለስም። መዝገቡን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ግን አጠገቡ የነበረው ነው፤ ያልወሰነው፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው። እኔን ኃላፊው በተቀመጠበት ክፍል ጠየቁኝ። ብቻዬን፣ ከጣቢያው ውጭ፣ ኃላፊውን በማያውቅ ሰው ተጠይቄ ቢሆን ምን እመልስ ነበር? እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። እድሉ ግን ይኖረኝ ነበር። ያንን እድል ለሚቀጥለው ሰው ስጡት። ለየብቻ ጠይቁ፤ ከተከሰሰው ርቃችሁ ጠይቁ፤ ለመሰከረው የምታደርጉትን ጥበቃ ለጠቆመው ከምታደርጉት አታሳንሱ። አንዴ "አላየሁም" ብሎ የሄደ ሰው ተመልሶ መጥቶ ቃሉን ማረም ከፈለገ በሐሰት ምስክርነት ከማስፈራራታችሁ በፊት ስሙት።

ቆጠራንም በተመለከተ የሙያ ነገር ልጨምር። በብርበራ የተያዘ ገንዘብ እዚያው ቤት ውስጥ ተቆጥሮ፣ እዚያው ተፈርሞ፣ ቅጂው እዚያው ለባለቤቱ ቢሰጥ እኛ ጣቢያ የሆነው ሊሆን ባልቻለ ነበር። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፤ ስርዝ ድልዝ በሁለት ሰው ፊርማ ይረጋገጥ። ታማኝ ሰው ጀግና እንዲሆን ከመጠበቅ ጀግንነት የማያስፈልግበትን አሠራር ማበጀት ይቀላል።

በሐሰት የሚጠቁምስ? አለ፤ አይቻለሁ። በቂም የተጻፈ ጥቆማ ንጹሕ መኮንንን ለዓመት ሲያንገላታ አይቻለሁ። የተከሰሰው የመሰማት መብቱ ይጠበቅ፣ እስኪረጋገጥበት ንጹሕ ነው። ለዚህም ቢሆን መድኃኒቱ ያው ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አጣሪ። የደመወዝ ማነስንም አልክድም። በሚያሳፍር ደመወዝ ሰው እያሠሩ ታማኝነት መጠበቅ ግፍ ነው። ነገር ግን የእኛ ኃላፊ ከሁላችን የተሻለ ይከፈለው ነበር።

አንተ ዛሬ ያየኸውን ይዘህ የምትብሰለሰል ወጣት ፖሊስ፣ አንቺም፣ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ያያችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ፤ ቅጂውንም ከጣቢያ ውጭ አስቀምጡ። ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳታማክሩ ወረቀቱን አታስገቡ። ብቻችሁንም አትሂዱ። አጠገባችሁ የነበረውን ሰው መጀመሪያ በግል አናግሩት። ምናልባት ጠይቁኝ እያለ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባልደረባዬ እኔን አልጠየቀኝም። ሊያሳቅቀኝ ስላልፈለገ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የራሴን ጉዳይ ላቅርብ። ያ መዝገብ አልተቃጠለም፤ በማስረጃ ያልተደገፈ ተብሎ የተዘጋ ፋይል ነው። ተመልሶ እንዲታይ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ተቀባይነት ካገኘ የሐሰት ቃል በመስጠቴ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ። አጣሪው ማንም ይሁን፣ ኃላፊው በክፍሉ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም፣ ቃሌ ይኸው ነው፤ አምስት ነበር። ቆጥሬዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የፖሊስ መርማሪ